ስለ ጋሪባልዲ ታሪክና ስለ ጸሐፊዎቹ

ከአውሮፓ ታላላቅ ሰዎች መካከል የጁዜፔ ጋሪባልዲን ያህል ኑሮው በብዙ ሰው ብዕር የተጻፈለት ጥቂት ነው። ራሱ ጽፎታል፤ ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንድር ዱማ አስጊጦ ጽፎታል፤ እንግሊዛዊው ትሬቬሊያን በሦስት መጻሕፍት ከፍሎ ተርኮታል፤ ከዚያም በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ደብዳቤውን ሁሉ እየመረመሩ አርመውታል። ዳሩ ግን ከነዚህ መጻሕፍት በብዙ ሰው የተነበቡትና የተወደዱት በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም ታሪኩን ገና ሳይፈጸም መዝጋታቸው ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ፥ ደራሲዎቹ ኋላ የሠሩትን ሳይናገሩ ከሚያልፏቸው ስሞች ላይ ሲደርስ ዓይኑ ሳይወድ ይቆማል። ክሪስፒና ባራቲየሪ የሚሉ ስሞች ለሌላው አንባቢ ከብዙዎቹ መካከል ሁለቱ ናቸው፤ ለእርሱ ግን እንዲህ አይደሉም።

(በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ ስለ እኛ አቆጣጠር ካልተነገረ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሪባልዲ በ1807 ዓ.ም. በኒስ ከተማ ከመርከበኛ አባት ተወለደ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በናፖሌዎን ግዛት ውስጥ ነበረች። ከልጅነቱ ጀምሮ በባሕር ኖሮ በ1832 ዓ.ም. የንግድ መርከብ አዛዥ ለመሆን የሚያበቃውን ወረቀት ተቀበለ። በ1834 ዓ.ም. በጄኖቫ ሊነሣ ታስቦ በከሸፈው ዐመፅ ውስጥ ስለ ገባ፥ የሰርዴኛ ንጉሥ ዳኞች እርሱ በሌለበት ሞት ፈረዱበት። ከዚህ በኋላ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሰደደ። ሪዮ ዴ ዣኔይሮ ሲደርስ የባሕር ዕውቀቱ እንጂ ሌላ ሀብት አልነበረውም።

በብራዚል ደቡብ የሚገኙት የሪዮ ግራንዴ ሰዎች በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ ተነሥተው ሪፑብሊክ አቁመው ነበርና፥ ስደተኛው መርከበኛ በአንዲት ትንሽ መርከብ ገብቶ ይዋጋላቸው ጀመር። ከማስታወሻው ሁሉ በእውነት የሚነበበው ይህ የስደት ዘመን ክፍል ነው። ደራሲው እዚህ ላይ ስለ ራሱ ዝና ገና አያስብም፤ የሚያስበው ስለ ነፋሱ፥ ስለ ከብቱ፥ ስለ ሞቱት ባልንጀሮቹ ነው። አንገቱ ላይ በጥይት ቆስሎ ሲማረክ፥ ከምርኮም ሊያመልጥ ሞክሮ ሲያዝ፥ አንድ የአገር ሹም እጁን በገመድ አሥሮ ከወራጅ ላይ እንዴት እንደ ሰቀለው ያለ ጩኸት ይተርካል፤ ከዓመታት በኋላ ያ ሹም በተራው በእጁ ሲወድቅ ሳይነካው እንደ ለቀቀው የሚናገረውም በአጭር ቃል ነው። በ1839 ዓ.ም. ሁለት መርከቦች በመንኰራኩር ላይ ተጭነው በብዙ በሬዎች እየተሳቡ ከሐይቁ እስከ ባሕሩ ድረስ በየብስ የሄዱበትን ታሪክ ሲያነቡ ተረት ይመስላል፤ ነገር ግን የተደረገ ነገር ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሁለቱ አንደኛዪቱ በማዕበል ተሰብራ አብረውት የነበሩት ኢጣልያውያን ባልንጀሮቹ ሰጠሙ። እርሱ ጎበዝ ዋናተኛ ነበረና ተረፈ። ከዚያ ወዲያ በሰው አገር የራሱን ቋንቋ የሚናገር ሰው አጥቶ ብቻውን እንደ ቀረ የሚገልጽበት ስፍራ፥ አንድ ቃል ሳይጨመርበት፥ ስለ ስደት ከተጻፈው ሁሉ መልካም ከሚባለው ጋር ሊቈጠር ይገባዋል።

በዚሁ ብቸኝነት ሳለ ላጉና በምትባል ወደብ አኒታ የምትባለውን ሴት አገኘ። ከመርከቡ ላይ ሆኖ በመነጽር እንዳያት ይናገራል። አኒታ ግን ባል ነበራት፤ ባሏም ጫማ ሰፊ ነበር። ጋሪባልዲ ይህን በግልጥ አይጽፍም፤ ቢሆንም አንድ ንጹሕ ሰው እንደ በደለ፥ ኃጢአቱም የእርሱ ብቻ እንደ ሆነ ይናዘዛል። ዱማና እርሱን የተከተሉት ጸሐፊዎች ከዚህ ታሪክ የፍቅር ጨዋታ አውጥተውበታል፤ ባለቤቱ ግን ካለቀሰበት ጊዜ ብዙም ያልራቀ ሰው መስሎ ነው የጻፈው። ሁለቱ በሞንቴቪዴዎ በቤተ ክርስቲያን የተጋቡት በ1842 ዓ.ም. ነው።

ወደ ሞንቴቪዴዎ የሄደው በ1841 ዓ.ም. ሲሆን፥ ለድካሙ የተሰጡትን 900 የሚያህሉ ከብቶች እየነዳ ነበር። በመንገድ ከብቱ አልቆ ለሽያጭ የደረሰው ጥቂት መቶ ቆዳ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ለእንጀራው ሲል ሒሳብ አስተማረ፤ ደላላም ሆነ። ኋላም የኡሩጓይ መንግሥት በቦኔስ አይሬስ ገዥ በሮሳስ በተከበበ ጊዜ በከተማይቱ የሚኖሩትን የአገሩን ስደተኞች ሰብስቦ በ1843 ዓ.ም. የኢጣልያ ሌጌዎን የተባለውን ጭፍራ አቆመ። ስሙ ከሞተ በኋላ እንኳ የተጠራበት ቀይ ሸሚዝ የተጀመረው በዚህ ነው። ልብሱ ለቄራ ሠራተኞች ተሰፍቶ በጦርነቱ ምክንያት ሳይሸጥ የቀረ ስለ ነበረ በርካሽ ተገዛ ይባላል። በ1846 ዓ.ም. በሳን አንቶንዮ ከእርሱ ጭፍራ በብዙ የሚበልጠውን ጠላት ቀኑን ሙሉ ሲመክት ውሎ በሌሊት ቁስለኞቹን ይዞ ወጣ።

ከዚህ ውጊያ አንድ ዓመት አስቀድሞ የሆነውን ግን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። ጄኔራል ሪቬራ ለሌጌዎኑ ስለ ድካሙ ዋጋ ሰፊ መሬት ከነከብቱ ሊሰጥ ቢያቀርብ፥ ጋሪባልዲና መኰንኖቹ የመጣነው ስለ ነጻነት ልንዋጋ እንጂ መሬት ልንይዝ አይደለም ብለው መለሱለት። ይህን የመለሰው ሰው፥ ከወታደር ቀለብ ውስጥ ሻማ ስላልተቈጠረ ማታ ማታ በጨለማ ይቀመጥ ነበር ተብሎ የሚተረክለት ነው። ጋሪባልዲን የሚያደንቅም ሆነ የሚነቅፍ ሰው መመዘኛውን ከሌላ ስፍራ ሊያመጣ አያሻውም፤ በሰው አገር ገብቶ የሰውን መሬት አልወስድም ያለው ይህ ቃል ይበቃዋል።

ስለ ማስታወሻው አጻጻፍም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በእጅ የሚገኘው መጽሐፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ የጻፈው በሁለተኛው ስደቱ ነው፤ በ1859 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. ዱማ የራሱን ወጥ ጨምሮበት በፈረንሳይኛ አሳተመው። በ1872 ዓ.ም. ጋሪባልዲ ራሱ እንደገና አርሞ ጨረሰው፤ የታተመው ግን ከሞተ በኋላ በ1888 ዓ.ም. ነው። በዱማ መጽሐፍ ጀግናው እንደ ቲያትር ተጫዋች ይናገራል። በኋለኛው መጽሐፍ ደግሞ ያረጀ፥ ያዘነ፥ በብዙ ሰው የተቆጣ ሰው ይናገራል፤ ማዚኒንም፥ ሚኒስትሩን ካቩርንም፥ ካህናቱንም አይምርም። ከሁለቱ የሚመረጠው ኋለኛው ነው፤ ቁጣው መራራ ቢሆንም የራሱ ነውና።

በ1848 ዓ.ም. 63 የሚያህሉ ሰዎች ይዞ በአንዲት መርከብ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሞት ለፈረደበት ንጉሥም አገልግሎቱን አቀረበ። በሚከተለው ዓመት ሮማን ከፈረንሳዮች ሲከላከል ቆይቶ ከተማይቱ ስትወድቅ ከጥቂት ሺህ ሰዎች ጋር ወጥቶ በተራራ ሸሸ። ትሬቬሊያን ይህን የሽሽት መንገድ በእግሩ እየሄደ መርምሮ ነው የጻፈው፤ ከሦስቱ መጻሕፍት በ1907 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ከሁሉ የሚበልጠውም ስለዚህ ነው። አኒታ የጸነሰች ሆና ስትከተለው ታማ ራቬና አጠገብ ሞተች፤ የተሳደደው ባሏ እስክትቀበር እንኳ ሊቆይ አልቻለም።

በዚህ ክፍል ካህናት የሆኑ አንባቢዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ጋሪባልዲ በ1870 ዓ.ም. ክሌሊያ የተባለ ልብ ወለድ አሳትሟል፤ በዚያ መጽሐፍ ካህን ሁሉ ክፉ ነው። ገንዘብ ስለ ቸገረው የጻፈው ነው፤ ሥራውም ደካማ ነው፤ ክፉው ያለ ምክንያት ክፉ፥ ደጉም ያለ ፈተና ደግ ሆኖበታል። ሆኖም ይኸው ሰው ከሮማ ሲሸሽ ከጎኑ ያልተለየው የጭፍራው ካህን ኡጎ ባሲ ነበር፤ እርሱንም ኦስትሪያውያን ይዘው በቦሎኛ በጥይት ገደሉት። አኒታ ከሞተች በኋላ ደግሞ ጋሪባልዲን ሸሽጎ ተራራውን ያሻገረው የሞዲሊያና ካህን ጆቫኒ ቬሪታ ነው። በማስታወሻው ሁለቱንም በታላቅ ፍቅር ያመሰግናቸዋል። በልብ ወለዱ ግን አንዳቸውን የሚመስል ካህን ሊሥል አልቻለም። በዓይኑ ያየውን ሲጽፍ ሚዛኑን ጠብቆ፥ ከልቡ ሲያፈልቅ ግን ሚዛኑን የሚስት ደራሲ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ጋሪባልዲም ከነዚህ አንዱ ነው።

ሁለተኛው ስደት በአጭሩ ይታለፍ። በኒው ዮርክ አጠገብ በሚገኘው በስታተን ደሴት በአንቶንዮ ሜውቺ ቤት ተቀምጦ ሻማ ሲሠራ ኖረ፤ በሞንቴቪዴዎ ሻማ ላጣ ሰው ይህ የሚያስቅ ዕጣ ነው። ከዚያም በፔሩ የንግድ መርከብ አዛዥ ሆኖ እስከ ቻይና ሄደ። በ1854 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በካፕሬራ ደሴት መሬት ገዝቶ አራሽ ሆነ።

የመንግሥት ሰው ሆኖ የታየበት ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ነው። በ1860 ዓ.ም. በግንቦት ከ1,000 ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች ይዞ ከጄኖቫ አጠገብ ተነሣ፤ በማርሳላ ወርዶ ሲሲልያን በንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ስም ዲክታቶር ሆኖ ያዘ። ጽሕፈት ቤቱንና የአገር አስተዳደሩን የሚመራለት የሲሲልያው ተወላጅ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነበር። የወፍጮ ግብር ቀረ፤ ለነጻነት ለተዋጋም ሁሉ ከሕዝብ መሬት ድርሻ እንዲሰጠው አዋጅ ወጣ። ባላገሩ አዋጁን አመነ። በነሐሴ ወር ግን በብሮንቴ ከተማ ደሀው በባለጸጋው ላይ ተነሥቶ ደም ሲያፈስ፥ የጋሪባልዲ ጄኔራል ኒኖ ቢክስዮ መጥቶ በጥድፊያ በተደረገ ፍርድ አምስት ሰዎችን በጥይት አስገደለ። ከብሮንቴ መሬት የሚበልጠው ክፍል ቀድሞ የኔፕልስ ንጉሥ ለእንግሊዙ የባሕር ጦር አዛዥ ለኔልሰን የሰጠው ርስት ነበር።

ከገናኖቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ይህን ቀን በፍጥነት ያልፉታል። በግልጥ ያየው ታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን የካታንያው ደራሲ ጆቫኒ ቬርጋ ነው፤ "ነጻነት" በሚል ስም የጻፈው አጭር ታሪክ ጥቂት ገጽ ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ያ ቃል በባላገሩ ጆሮ መሬት ማለት እንደ ነበረ፥ በመኳንንቱ አፍ ግን ሌላ ትርጕም እንደ ነበረው ከብዙ ጥራዝ ይልቅ ያስረዳል። ዴኒስ ማክ ስሚዝ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሲሲልያን ነገር በጥብቅ መርምሮ ጽፏል፤ ሉሲ ራያልም በ2007 ዓ.ም. ባወጣችው መጽሐፍ የጀግናው ዝና በጋዜጣና በሥዕል እንዴት እንደ ተሠራ፥ እርሱም ራሱ በዚህ ሥራ እንዴት እንደ ተባበረ አሳይታለች። እነዚህ የሚጠቅሙ መጻሕፍት ናቸው። ቢሆንም ራያልን አንብቦ ጋሪባልዲ የጋዜጣ ፍጡር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፥ ጋዜጠኛ ባልነበረበት በገመድ የተሰቀለውን ስደተኛ ረስቷል።

ትሬቬሊያን ሦስተኛውን መጽሐፍ የሚዘጋው እንዲህ ነው። ጋሪባልዲ ኔፕልስን ለንጉሡ አስረከበ፤ የቀረበለትን ማዕረግና ርስት ሳይቀበል፥ ለዘር የሚሆን እህል ይዞ በመርከብ ወደ ካፕሬራ ሄደ። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ እውነትም ነው። ግን የሰው ሥራ ሠሪው በመርከብ ሲሄድ አብሮት አይሄድም። ሥልጣኑን የተወው ለማን ነው ተብሎ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ጋሪባልዲ ጦርን መምራት ያውቅ ነበር፤ ራሱንም መግዛት ያውቅ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ አገሩን የሚመሩትን ሰዎች ግን ሊያስተምር አልቻለም፤ ቂም ይዞ ወደ ደሴቱ እየተመለሰ ሜዳውን ለእነርሱ ተወላቸው። በ1861 ዓ.ም. በምክር ቤት ከካቩር ጋር ተጣላ፤ በ1862 ዓ.ም. ወደ ሮማ ሲዘምት በአስፕሮሞንቴ የገዛ ንጉሡ ወታደሮች እግሩን አቆሰሉት፤ በ1867 ዓ.ም. በሜንታና ተሸነፈ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሊንከን መንግሥት አዛዥነት ሊሰጠው ሲጠይቀው ባሪያን ነጻ ለማውጣት ሥልጣን ካልተሰጠኝ አልመጣም ማለቱ፥ የሞንቴቪዴዎው ሰው ገና እንዳልጠፋ ያሳያል።

እንግዲህ ወደ ተዘለለው ምዕራፍ። አንድ ሺህ የሚባሉትን ሰዎች ወደ ማርሳላ ያደረሱት ፒዬሞንቴና ሎምባርዶ የተባሉት ሁለት መርከቦች የጄኖቫው የሩባቲኖ ኩባንያ ንብረት ነበሩ። ይኸው ኩባንያ በ1869 ዓ.ም. ቀድሞ በኢትዮጵያ ሚሲዮናዊ በነበረው በጁዜፔ ሳፔቶ እጅ የአሰብን ወደብ ገዛ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ለኢጣልያ መንግሥት ሸጠው። የሲሲልያን ጽሕፈት ቤት የመራው ክሪስፒ በ1889 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ሲፈረም የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፤ ስለ ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አንባቢ የሚያውቀውን መድገም አያሻም። በ1894 ዓ.ም. የሲሲልያ ባላገሮች መሬትና የግብር ቅነሳ በጠየቁ ጊዜ የጦር አዋጅ ያወጀባቸው እርሱ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መሬት ተስፋ የተሰጣቸው ሰዎች ልጆች ናቸው። ኦሬስቴ ባራቲየሪም በ18 ዓመቱ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ በማርሳላ ከወረዱት አንዱ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣልያን ጦር አሰልፎ በዓድዋ ተራሮች ላይ በዐፄ ምኒልክ ጦር ፊት የቆመው ይኸው ሰው ነው።

ይህን ማንሣት ጋሪባልዲን በሌላው በደል ለመክሰስ አይደለም። የክሪስፒ ሥራ የክሪስፒ ነው፤ እርሱ በዓድዋ ጦርነት ማግሥት ሲወድቅ ጋሪባልዲ ከሞተ 14 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ቀርቶት ነበር። ነገር ግን በሪቬራ መሬት ላይ የተመለሰውን መልስ በምስጋና የሚጽፍ ደራሲ፥ መልሱ ለእነማን እንዳልተላለፈም የመጻፍ ግዴታ አለበት። የገዛ ቤተሰቡ እንኳ በስሙ አልተስማማም፤ ሙሶሊኒ በ1932 ዓ.ም. በሮማ ለአኒታ ሐውልት ሲያስመርቅ የልጅ ልጁ ኤዚዮ ከፋሺስቶች ወገን ነበር፤ ሌላው የልጅ ልጁ ሳንቴ ግን ፋሺስትን ተቃዋሚ ሆኖ በስደት ይኖር ነበር። በ1937 ዓ.ም. በስፓኝ አገር በጓዳላሃራ የሙሶሊኒን ጦር ከወጉት መካከል በጋሪባልዲ ስም የተጠራ የኢጣልያ ስደተኞች ሻለቃ ነበረ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ አርበኞች ከዚያው መንግሥት ጦር ጋር በየዱሩ ይዋጉ ነበር። እነዚህ በስፓኝ የተዋጉት ስደተኞች ከሞንቴቪዴዎ ሰው ጋር ያላቸው ዝምድና ከኤዚዮ ይልቅ የቀረበ ነው።

ማስታወሻውን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢገኝ የዱማን ትቶ የ1888ቱን እትም ይያዝ፤ የደቡብ አሜሪካውን ክፍል ምንም ሳያሳጥር ይተርጕም፤ ስለ አኒታ የተናዘዘበትንም ቃል አያለስልሰው። ክሌሊያን ለጊዜው ሊተወው ይችላል። በመጨረሻው ላይ ግን በራሱ እጅ አንድ ገጽ ይጨምርበት፤ በዚያም ገጽ ጋሪባልዲ በ1882 ዓ.ም. በሰኔ መባቻ በካፕሬራ እንደ ሞተ፥ አሰብን የኢጣልያ ቅኝ ግዛት ያደረገውም ሕግ ከሞቱ በኋላ በ33ኛው ቀን እንደ ወጣ ይጻፍ።